ሲሞቅ ሚኒሞ ላይ የሚንቀጠቀጥ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር፦ ካንዴላም ኮይልም ተቀይሮ አልተሻለውም

ባለስድስቱ፦

ጤና ይስጥልኝ። ስምንት ወር ሙሉ ስታገለው የቆየሁትን ችግር ይዤ መጥቻለሁ። መኪናዬ ባለ 3.0 ሊትር፣ 6 ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ፣ ቱርቦ ያለውና ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጭ ሞተር የተገጠመለት ትልቅ የቅንጦት ሴዳን ሲሆን 142,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። የአምራቹን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ስም ከተጠራ ውይይቱ ወደ ደጋፊና ነቃፊ ክርክር ይዞራል፣ ሞተሩም ይረሳል።

ችግሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንዶች ይንገዳገድና ይስተካከላል፤ ይህን ብዙም አልቆጥረውም። ዋናው ጉዳይ የሚጀምረው ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ነው። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልረግጥ፣ ማርሹ ዲ ላይ እንዳለ ፍሬን ይዤ ስቆም መቀመጫውና መሪው ይርገበገባሉ፤ በስፖኪዮው ውስጥ ከኋላዬ የቆመው መኪና ታርጋ እስከማይነበብ ድረስ ይደበዝዛል። ማርሹን ወደ ኤን ሳወጣው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ትንሽ ነዳጅ ሰጥቼው 1,000 ዙር እንዳለፈ ግን ምንም እንዳልነበረበት ጸጥ ይላል። የዙር መቁጠሪያው ቀስት 700 ላይ ንቅንቅ አይልም፤ የሞተር መብራትም አንድ ቀን በርቶ አያውቅም።

እስካሁን እሳት የሚጭሩት ስድስቱም ካንዴላዎችና ኤሌክትሪክ የሚሰጧቸው ስድስቱም ኮይሎች በአንድ ቀን ተቀይረዋል፣ የአየር መግቢያ በሩ (ትሮትል ቦዲው) ታጥቧል፣ የአየር መጠን መለኪያው ሴንሰር በአዲስ ተተክቷል፣ ነዳጅ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃም ሁለት ጊዜ ተሞክሯል። ለውጡ የታየው ኪሴ ላይ ብቻ ነው። በመጨረሻ የወሰድኩበት ጋራዥ «የዚህ መኪና ጠባይ ነው» ብሎ መለሰልኝ። መኪናውን የገዛሁት ሞተሩ መሥራቱን እስክጠራጠር ድረስ ጸጥ ስለሚል ነበርና፣ ይህን ጠባይ ከየት እንዳመጣው ሊገባኝ አልቻለም። ከዚህ ወዴት ልሂድ?

የድሮ መካኒክ፦

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቆጨኝን ልናገር። ካንዴላና ኮይል በአንድ ቀን ሲቀየሩ ዕቃው አዲስ ይሆናል፣ ማስረጃው ግን ከአሮጌው ዕቃ ጋር ይጣላል። አሮጌ ካንዴላ የየሲሊንደሩን ታሪክ ጫፉ ላይ ጽፎ ይይዛል፤ አንዱ ነጥቶ ሌሎቹ ቡናማ ቢሆኑ ግማሹን መንገድ በዚያው ቀን ተሻግረው ነበር።

አሁን ግን መለየት ያለብን አንድ ነገር አለ። ሰው መቀመጫው ላይ ሆኖ «ሞተሩ ይንቀጠቀጣል» ሲል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል እየጠራ ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ከሲሊንደሮቹ አንዱ እንደ ጓደኞቹ ኃይል አልሰጥ ብሎ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ክራንክ ሻፍት በየሁለት ዙሩ ሲደናቀፍ ነው። ሁለተኛው፣ ሞተሩ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ማንኛውም ሞተር የሚፈጥረው የተለመደ ንዝረት በሞተር ሳፖርት ጎማው ሳይዋጥ ወደ አካሉ ሲሻገር ነው። የመጀመሪያው የማቃጠል ችግር ነው፣ ሁለተኛው የመሸከም ችግር፤ መድኃኒታቸው አይገናኝም፣ እጅ ግን አይለያቸውም።

ስለዚህ ገና ምንም ዕቃ ሳይገዙ ስካነር ያገናኙና ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሞቆ የሚከተሉትን ያንብቡልኝ፦ የአጭርና የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያ ቁጥሮችን (ኮምፒውተሩ ነዳጁን በስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳዩትን) ድምር አንድ ጊዜ ሚኒሞ ላይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ 2,500 ዙር ላይ ረግቶ፤ በሰከንድ የሚገባውን የአየር መጠን በግራም፤ በየሲሊንደሩ የተመዘገበውን የሚስፋየር (ሳይቃጠል የቀረ ፍንዳታ) ቁጥርም ለ10 ደቂቃ። መብራት አለመብራቱ አያሳስብዎ። ኮምፒውተሩ መብራት የሚያበራው ሳይቃጠሉ የቀሩት ፍንዳታዎች የተወሰነ ገደብ ሲያልፉ ስለሆነ፣ ከገደቡ በታች ያለውን እየቆጠረ ዝም ይላል።

ጭስ ፈላጊ፦

ጋሽ መካኒክ ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ግን ውርርድ ቢባል ሳይለካ በሚገባ አየር ላይ ነው የማስይዘው። ነዳጅ ሲሰጠው የሚጸዳ፣ ሚኒሞ ላይ የሚበላሽ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከመለኪያው በኋላ የሆነ ቦታ አየር እየሰረቀ ነው። ሚኒሞ ላይ ትሮትሉ ሊዘጋ ስለተቃረበ አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ውስጥ ያለው ስበት ኃይለኛ ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነች ቀዳዳ ከጠቅላላው አየር ትልቅ ድርሻ ታስገባለች። ዙሩ ሲጨምር የዚያችው ቀዳዳ ድርሻ ኢምንት ይሆናል።

በእንዲህ ያሉ ሞተሮች ላይ በቅድሚያ የምጠረጥረው በቫልቭ ክዳኑ ውስጥ የተሠራውን የክራንክ ኬዝ ማስተንፈሻ ነው። በውስጡ ያለችው ስስ የጎማ ገለፈት በሙቀትና በዘይት ትደርቅና ትሰነጠቃለች። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ የዘይት መሙያ ክዳኑን ለመክፈት ይሞክሩ፤ ክዳኑ በኃይል ወደ ታች ተስቦ አልነሳ ካለ ወይም የፉጨት ድምፅ ከተሰማ ገለፈቷ መቀደዷን ይጠርጥሩ። ቀጥሎ የጭስ ሙከራ ያስደርጉ፤ ግፊቱ ከ0.1 ባር በታች መሆን አለበት፣ ከዚያ በላይ ከተገፋ ጤነኛውንም ማሸጊያ ያሳብቃል። አንዳንዶች የሚያደርጉትን፣ በጋለ ሞተር ላይ ተቀጣጣይ ማጽጃ እየነፉ የዙሩን ለውጥ መከታተል የሚባለውን ግን አይሞክሩ። እሳት ነው።

ባለስድስቱ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ንባቡ ይኸው። የነዳጅ ማስተካከያው ድምር ሚኒሞ ላይ ሲደመር 3 በመቶ፣ 2,500 ዙር ላይ ሲደመር 1 በመቶ ነው። የሚገባው አየር በሰከንድ 3.4 ግራም። በ10 ደቂቃ የሚስፋየር ቆጠራ አራተኛው ሲሊንደር 11፣ ሁለተኛው 1፣ የቀሩት ዜሮ።

የዘይት ክዳኑን ሞከርኩ፤ ቀለል ያለ ስበት አለው፣ ያለ ትግል ይነሳል፣ ፉጨትም የለም። የጭስ ሙከራውን ቅዳሜ አስደርጋለሁ። ያነበብኩት ነገር ሁሉ ከ10 በመቶ በታች ያለ ማስተካከያ ጤነኛ ነው ስለሚል፣ እውነቱን ለመናገር ቁጥሩን ሳይ «ጠባዩ ነው» ያሉኝ ሰዎች ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

የድሮ መካኒክ፦

ተስፋ አይቁረጡ፤ ቁጥሮቹ ከጠበቅሁት በላይ ይናገራሉ።

ጭስ ፈላጊ የሚለው ቀዳዳ ቢኖር ሚኒሞ ላይ ሲደመር 15 ወይም 20 አይተን 2,500 ላይ ወደ ዜሮ ሲወርድ እናየው ነበር። የነዳጅ ፓምፕ ድካም ወይም የአየር መለኪያ ስህተት ቢሆን ደግሞ ተገላቢጦሹ፣ ጭነት ሲጨምር ቁጥሩ ሲጨምር ይታይ ነበር። የአየሩ መጠንም ደህና ነው፤ ለሞቀ ሞተር ሚኒሞ ላይ በአንድ ሊትር አንድ ግራም ገደማ የሚለው የጋራዥ ልምድ እዚህም ይሠራል።

ነገር ግን 3 በመቶን እንደ ጤና አይቁጠሩት። የኦክስጅን ሴንሰሩ የሚያነበው ከስድስቱ ሲሊንደሮች የተቀላቀለውን ጭስ ነው፤ ማለትም አማካዩን። አምስቱ ልክ ሆነው አንዱ ብቻ 18 በመቶ ነዳጅ ቢጎድለው፣ 18 ለ6 ሲካፈል 3 ነው። ኮምፒውተሩ 3 በመቶውን ለስድስቱም እኩል ያከፋፍላል፤ አምስቱ የማያስፈልጋቸውን ጥቂት ያገኛሉ፣ የተራበው ደግሞ አሁንም እንደተራበ ይቀራል። ስክሪኑ ላይ ግን ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው።

11 ሚስፋየር ትንሽ መስሎ ይታያል። በ700 ዙር ለ10 ደቂቃ እያንዳንዱ ሲሊንደር 3,500 ጊዜ ይተኩሳል፤ 11 ከዚያ ውስጥ ከቁጥር አይገባም፣ መብራትም አያበራም። ነገር ግን እነዚህ ጨርሰው ያልተቃጠሉት ናቸው። በደካማው የተቃጠሉት፣ እርስዎን የሚያስቸግሩት እነሱ፣ አልተቆጠሩም። ቁም ነገሩ 11 መሆኑ ሳይሆን ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ሲሊንደር ላይ መከማቸታቸው ነው።

ቀላሉን ቅድሚያ እንስጠው፦ የአራተኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር ያቀያይሩ፤ ሌላ ምንም አይንኩ። ከዚያ ቆጠራውን ይድገሙ።

ቆጣሪው፦

በሙያዬ የምሠራው በማሽን ንዝረት ላይ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ጋሽ መካኒክ «እጅ አይለያቸውም» ያሉትን ሁለት ነገሮች ስልክ ይለያቸዋል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። 700 ዙር በደቂቃ ማለት በሰከንድ 11.7 ዙር ነው። ባለ 6 ሲሊንደር ባለ አራት ምት ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ጊዜ ስለሚተኩስ፣ ጤነኛው የፍንዳታ ምት በሰከንድ 35 ጊዜ ነው። አንድ የተወሰነ ሲሊንደር ግን የሚተኩሰው በሁለት ዙር አንዴ ነው፤ ስለዚህ ያ ሲሊንደር ሰነፍ ከሆነ እርግጫው በሰከንድ 5.8 ጊዜ ይመጣል። ንዝረትን በድግግሞሽ ዘርዝሮ የሚያሳይ ማንኛውም የስልክ መተግበሪያ ይበቃል፤ በሰከንድ ከ70 ጊዜ በላይ ናሙና መውሰዱን ብቻ ያረጋግጡ፣ አለዚያ 35ቱን ሊያየው አይችልም።

ስልኩን መቀመጫው ላይ ሳይሆን የመቀመጫው የብረት ሐዲድ ላይ በፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉት፤ ስፖንጁ ያሳስተናል። ሞተሩ ሞቆ፣ ለ60 ሰከንድ ዲ ላይ፣ ለ60 ሰከንድ ኤን ላይ ይመዝግቡ። በግራፉ ላይ የሚታየው ጉብታ 35 ላይ ብቻ ከሆነ ወደ ሳፖርቱ ይሂዱ። 5.8 ላይ ከሆነ ወደ ሲሊንደሩ።

ባለስምንት፦

ይቅርታ በመሐል ገባሁ። የእኔ ባለ 8 ሲሊንደር ነው፤ ሁልጊዜ ሳይሆን ነዳጅ ከሞላሁ በኋላ ስነሳ ብቻ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይንገዳገዳል። ተመሳሳይ ችግር ነው?

የድሮ መካኒክ፦

አይደለም። የእርስዎ ከነዳጅ ታንክ የሚመጣውን ትነት ወደ ሞተሩ የሚለቀው ቫልቭ ሳይዘጋ መቅረቱን ይመስላል፤ ነዳጅ ሲሞላ በታንኩ ውስጥ ያለው ትነት ይገፋና ሞተሩ ያላሰበውን ነዳጅ ይጠጣል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ ከታንክ በኩል የሚመጣውን ቱቦ ከቫልቩ ነቅለው፣ ቫልቩ ላይ ጣትዎን ያድርጉ፤ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ የማያቋርጥ ስበት ካለ ቫልቩ ተከፍቶ ቀርቷል። ሌላ የውይይት ክር ይክፈቱና እዚያ እንቀጥል፤ እዚህ ከተቀላቀለ የባለስድስቱ ቁጥሮች ይጠፉብናል።

ባለስድስቱ፦

ሦስት ነገሮችን ሠርቻለሁ።

የጭስ ሙከራው ንጹሕ ነው። ማሽኑ ለሩብ ሰዓት ያህል ጭስ እየገፋ፣ ሠራተኛው በባትሪ መብራት ማሸጊያዎቹን (ጓርኒሲዮኖቹን) አንድ በአንድ እያየ፣ አንዲት ክር ጭስ እንኳ አልወጣችም። ጭስ ፈላጊ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ኮይሎቹ ተቀያይረው ሚስፋየሩ አራተኛው ላይ እንደቆመ ነው፤ በ10 ደቂቃ 9። ስለዚህ ኮይሉ ነጻ ወጥቷል።

ስልኩ ያሳየኝ ግን ግራ አጋብቶኛል። ሁለቱም ጉብታዎች አሉ። ዲ ላይ 35ቱ እንደ ግንብ ረጅም ሲሆን፣ ከእሱ በስተግራ 6 ከመድረሱ በፊት አንዲት አጠር ያለች ግን ጥርት ያለች ጉብታ አለች። ኤን ላይ ሳወጣው ግንቡ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል፤ ትንሿ ግን ያው በቦታዋ ናት፣ ከፍታዋም ብዙ አልተለወጠም። የትኛውን ልመን?

ቆጣሪው፦

ሁለቱንም። ሁለት ችግር አለብዎት፣ አንዱም ሌላውን ሸፍኖታል። ስምንት ወር የፈጀውም ለዚህ ይመስለኛል፤ አንዱን የሚነካ ጥገና ቢሠራ እንኳ ሌላው መንቀጥቀጡን ስለሚያስቀጥል «አልሠራም» ተብሎ ይታለፋል።

የድሮ መካኒክ፦

ከሳፖርቱ ይጀምሩ፤ ሳይፈታ በዓይን የሚታይ ነውና። በእንዲህ ያለ መኪና ላይ የሞተር ሳፖርቱ ዝም ብሎ ጎማ አይደለም፤ በውስጡ ፈሳሽ አለበት፣ ፈሳሹም በጠባብ መተላለፊያ እየተመላለሰ ንዝረቱን ይውጣል። አንዳንዶቹም ሚኒሞ ላይ እንዲለሰልሱ፣ መኪናው ሲሄድ እንዲጠነክሩ በኤሌክትሪክ ወይም በቫኪዩም የሚታዘዙ ናቸው። ፈሳሹ ከፈሰሰ ጎማው ወርዶ ብረት ከብረት ይቀራረባል፤ ዲ ላይ ሲሆን ሞተሩ በጭነት ወደ አንድ ወገን ስለሚያዘነብል ግንኙነቱ ይብሳል፣ ኤን ላይ ሲሆን ይላላል። እርስዎ ያነበቡትም ይኸው ነው።

ከሥር በመብራት ይዩት። በሳፖርቱ ጎን የወረደ ጥቁር፣ ዘይት የመሰለ ዱካ ካለ አለቀ። ሲቀይሩ ሁለቱን ወገን አንድ ላይ ይቀይሩ፤ እዚህ ላይ «አንድ በአንድ» የሚለውን ሕጌን እጥሳለሁ፣ ምክንያቱም አዲሱና የወረደው አብረው ሲቆሙ ሞተሩ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል። ከሥር የሚሠራ ሰው ሞተሩን በክሪክ ብቻ ደግፎ እንዳይገባ፤ በክሪኩና በካርተሩ (በሞተሩ ዘይት መያዣ) መካከል ዕንጨት፣ በመኪናው ሥር ደግሞ መቆሚያ መኖር አለበት።

ባለስድስቱ፦

የቀኙ ሳፖርት ፈስሶ ደርቋል። ዱካው ከጎማው ወገብ ጀምሮ እስከ መቀርቀሪያው ድረስ ይታያል፤ ላዩ ላይ የተጣበቀው አቧራ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ይመሰክራል። ሁለቱም ተቀየሩ። አዲሱንና አሮጌውን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አሮጌው በጣት ውፍረት ያህል አጥሮ ነበር።

ለውጡ ትልቅ ነው። መሪው ጸጥ ብሏል፣ ታርጋውም በስፖኪዮው ይነበባል። ባለቤቴ አብራኝ ተቀምጣ «በቃ ድኗል» አለችኝ። እኔ ግን ድኗል ማለት አልቻልኩም፤ ቀይ መብራት ላይ ስቆም በወገቤ በኩል፣ ልብ ካላሉት የማይሰማ፣ እንደ ደከመ የልብ ምት ያለ ነገር አለ። ስልኩን መልሼ ለጠፍኩት። ግንቡ ፈርሷል፤ 5.8 ላይ ያለችው ትንሿ ጉብታ ብቻዋን ቆማለች።

በዚያው የሲሊንደሮቹን ግፊት አስለካሁ። አራተኛው 12.1 ባር፣ የቀሩት ከ11.9 እስከ 12.4። አየር ሞልቶ ስንቱ እንደሚያመልጥ የሚለካው ሙከራም አራተኛው ላይ 8 በመቶ ነው።

የድሮ መካኒክ፦

እሰየው። ቴስታታው፣ ፒስተኑና ፋሻው ደህና ናቸው ማለት ነው። እሳቱ ደህና ነው፣ የሲሊንደሩ መታሸግም ደህና ነው። የቀረው ወደ አራተኛው ሲሊንደር የሚገባው አየር ወይም ነዳጅ ነው፤ የአየር መንገዱ በመግቢያ ቫልቩ ላይ በተጋገረ ካርቦን ጠቦ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ነዳጅ የሚረጨው ኢንጄክተር እንደ ጓደኞቹ አይረጭም።

እኔ ወደ ኢንጄክተሩ አደላለሁ። ካርቦን ቢሆን ኖሮ የሚጎድለው አየር ስለሆነ ያ ሲሊንደር ነዳጅ በዝቶበት አማካዩ ወደ መቀነስ ያዘነብል ነበር፤ የእኛ ግን ሲደመር ነው። ደግሞም ሚኒሞ ላይ ኢንጄክተሩ የሚከፈተው ለአንድ ሺኛ ሰከንድ ገደማ ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ ነው። በዚህች ቅጽበት ውስጥ ለመከፈት ትንሽ ቢዘገይ ከድርሻው ብዙ ይጎድላል፤ 2,500 ዙር ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ከተከፈተ ያው መዘግየት ብዙም አይታወቅም። ከ3 ወደ 1 የወረደልን ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ባለስድስቱ፦

ጋሼ፣ ታዲያ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች በኋላ፣ ለምን ደህና ይሆናል? ኢንጄክተሩ ያው ነው።

የድሮ መካኒክ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ሆን ተብሎ ከሚያስፈልገው በላይ ነዳጅ ይሰጠዋል፣ ዙሩም ከፍ ይላል። ከተትረፈረፈ ማዕድ ላይ 18 በመቶ የተቀነሰበት ሰው አይራብም። ሞተሩ ሲሞቅ ግን ኮምፒውተሩ 14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ነዳጅ ወደሚለው ልክ ያወርደዋል፤ እዚያ ላይ 18 በመቶ የጎደለበት ሲሊንደር ለመቀጣጠል ይቸገራል።

አሁን ማኒፎልዱ ይፈታል፤ በእርስዎ ሞተር ኢንጄክተሮቹ ከሥሩ ናቸው። የአራተኛውንና የሁለተኛውን ኢንጄክተር አቀያይሩ። ሚስፋየሩ ወደ ሁለተኛው ከተከተለው ጥፋተኛው ተገኘ። ቫልቮቹ ካርቦን ቢኖርባቸውም በዚህ ዙር አይጸዱ፤ እንደ ካንዴላውና ኮይሉ ሁለት ነገር አንድ ላይ ነክተን እንዳንጠፋፋ።

ጭስ ፈላጊ፦

በቀዳዳው ተሸንፌያለሁ፣ በዚህ ግን አልስማማም። ማኒፎልዱን ሁለት ጊዜ መፍታት ሁለት ጊዜ ጓርኒሲዮን፣ ሁለት ጊዜ ድካም ነው። ውጤቶቹን አስቀድመን እናስብ እንጂ። ኢንጄክተሮቹ ተቀያይረው፣ ቫልቮቹም ተጸድተው ሚስፋየሩ ሁለተኛው ላይ ከታየ ኢንጄክተሩ መሆኑ ያለ ጥርጥር ነው፤ ካርቦን ከሲሊንደር ወደ ሲሊንደር አይሄድም። አራተኛው ላይ ከቀረ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ማጽዳቱ የሚያሳስተን ሚስፋየሩ ጨርሶ ከጠፋ ብቻ ነው፣ ያኔም ቢሆን ባለቤቱ መኪናው ድኖለታል፤ ቅሬታ ያለን እኛ ብቻ እንሆናለን።

የድሮ መካኒክ፦

ክርክሩ ትክክል ነው፤ እቀበላለሁ። አንድ ነገር ብቻ እንደማይታወቅ ይመዝገብልኝ፦ ጠዋት ለጥቂት ሰከንዶች የሚንገዳገደው ቢድን በየትኛው እንደዳነ መናገር አንችልም።

ለሚሠራው ሰው ማሳሰቢያ። በነዳጅ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከ200 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ በመመሪያው መሠረት ግፊቱ መውረዱ በስካነር ሳይረጋገጥ አንድም ብሎን እንዳይነካ፤ ቆዳ ውስጥ የሚገባ ነዳጅ ሆስፒታል የሚያደርስ ነገር ነው። የኢንጄክተሩ ጫፍ ላይ ያለው የቴፍሎን ቀለበት አንዴ ከወጣ አይመለስም፣ ለተቀያየሩት ለሁለቱም አዲስ ያስፈልጋል። ኢንጄክተሮቹ ላይ የተጻፈ የማስተካከያ ኮድ ካለ ደግሞ ቦታቸው ሲለወጥ ኮዱም ኮምፒውተሩ ውስጥ አብሮ መለወጥ አለበት፤ ይህ ከተረሳ ሙከራው ራሱ ይበላሻል።

ባለስድስቱ፦

ቆሜ ነው ያሠራሁት። ማኒፎልዱ ሲነሳ ስድስቱም የቫልቭ መግቢያዎች ጥቁር ነበሩ፤ የቫልቩ ግንድ ላይ ያለው ክምር እንደ አረረ የዳቦ ቅርፊት ነው፣ በጥፍር ሲጫኑት ላዩ ይሰባበራል፣ ሥሩ ግን ድንጋይ ነው። ነዳጁ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ ቫልቮቹን የሚያጥባቸው እንደሌለ ማንበብና በዓይን ማየት ለየቅል ናቸው። ሆኖም አራተኛው ከሌሎቹ የባሰ አልነበረም፤ እንዲያውም የከፋው ስድስተኛው ነበር። ሠራተኛው ክራንኩን እያዞረ የየሲሊንደሩ ቫልቮች መዘጋታቸውን ካረጋገጠ በኋላ በተፈጨ የዋልነት ቅርፊት ነፋቸው፤ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ።

የአራተኛው ኢንጄክተር ጫፍ ከሁለተኛው ጋር ሲነጻጸር ለዓይን ልዩነት የለውም። ኮዶቹም ተቀያየሩ። ሞተሩ ተነሳ፣ ሞቀ፣ ቆጠራው ተጀመረ። አራተኛው ዜሮ። ሁለተኛው በ10 ደቂቃ 12።

ስክሪኑን ሳይ ብቻዬን ሳቅሁ። ስምንት ወር የፈለግሁትን ሰው አድራሻ ሲቀይር እጅ ከፍንጅ እንደመያዝ ነው።

በማግስቱ አዲሱ ኢንጄክተር ሁለተኛው ላይ ከነኮዱ ተተከለ። የነዳጅ ማስተካከያው ከሁለት ቀን ጉዞ በኋላ ሚኒሞ ላይ ሲደመር 0.5 ነው፤ ሚስፋየር በስድስቱም ዜሮ፤ ስልኩ ላይ 35 አካባቢ ካለች ዝቅተኛ ጉብታ በቀር ሜዳ ነው።

ቆጣሪው፦

ያቺ ዝቅተኛ ጉብታ ትኑር። እሷ ከሌለች ሞተሩ ጠፍቷል ማለት ነው።

ባለስድስቱ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሁሉም እንደዚያው ነው። ጠዋት ሲነሳ የነበረው መንገዳገድም ጠፍቷል፤ በኢንጄክተሩ ይሁን በቫልቮቹ ጽዳት ግን፣ ጋሽ መካኒክ አስቀድመው እንዳስመዘገቡት፣ ልነግራችሁ አልችልም።

የድሮ መካኒክ፦

የስድስተኛው ሲሊንደር ቫልቭ የከፋ ነበር ብለው የለ? ካንዴላ ሲቀየር ሳይሆን ሌላ 30,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ በትሮትሉ በኩል ትንሿን ካሜራ አስገብተው እሱን ያስመልክቱ፤ ያኔ ጠዋት መንገዳገዱ ተመልሶ ከመጣ ቫልቩ ነበር። የወጣውን ኢንጄክተርም አይጣሉት፤ «4» ብለው ጽፈው ያስቀምጡት።